መብራት ላይ በራሱ የሚጮኸው ሞተር፦ የ1991 ቶዮታ ፒክአፕ የጥገና ማስታወሻ

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 5, 2024

መኪናው የ1991 ቶዮታ ፒክአፕ ነው፤ በሌላው ዓለም ሃይሉክስ እየተባለ የሚታወቀው፣ እዚህ አሜሪካ ግን እስከ 1995 ድረስ «ፒክአፕ» በሚል ስም ብቻ ሲሸጥ የኖረው ማለት ነው። ሞተሩ 22አር-ኢ የሚባለው ባለ አራት ሲሊንደር፣ 2,366 ሲሲ የቤንዚን ሞተር ሲሆን ካምቢዮው ባለ አምስት ማርሽ ነው። እስካሁን 214,000 ማይል ሄዷል። አውሮራ፣ ኮሎራዶ ውስጥ ለቀለም ቅብ ሥራዬ መሰላልና ባልዲ የምጭንበት እርሱ ስለሆነ እርሱ ከቆመ ሥራዬም ይቆማል።

ሐሙስ ዕለት ሀቫና ጎዳና ላይ ረጅም ቀይ መብራት ይዞኝ ፍሪሲዮን ረግጬ ቆሜ ሳለሁ፣ እግሬ ነዳጅ መስጫውን ሳይነካ የሞተሩ ዙር ከ800 ተነሥቶ 2,200 ደረሰ፤ ከዚያ ወደ 1,200 ወረደና እንደገና ወጣ። መብራቱ አረንጓዴ እስኪሆን ድረስ እንዲህ እየወጣና እየወረደ ቀጠለ። መንዳት ስጀምር ተወው፤ በሚቀጥለው መብራት ላይ ግን ከቆምኩ ከአንድ ደቂቃ ገደማ በኋላ ተመለሰ። ፍሪሲዮኑን በዚያ ዙር ላይ ብለቀው ኖሮ ከፊቴ የቆመውን መኪና እገጨው እንደ ነበር ሳስብ ሥራውን አቋርጬ ወደ ቤት መለስኩት።

አንዳንድ ቀን ታናሽ ወንድሜም ስለሚነዳው፣ መፍታት ከመጀመሬ በፊት ለሁለታችንም አንድ ሥርዓት አስቀመጥኩ። ዙሩ በራሱ ከተነሣ ፍሪሲዮን መርገጥ፣ ማርሹን ዜሮ ማድረግ፣ በፍሬን ማቆምና ዳር መያዝ፣ ቁልፉን ማጥፋት ከዚያ በኋላ ብቻ። መኪናው እየተንቀሳቀሰ ሳለ ቁልፉን እስከ መጨረሻው ማዞር መሪውን ሊቆልፈው ስለሚችል ጨርሶ አይደረግም።

ዛሬ ያየሁት ቀላል ቀላሉን ነው። የወለሉ ምንጣፍ ነዳጅ መስጫውን አይነካም። የነዳጅ መስጫው ካቦ ሽፋኑ ውስጥ ሳይያዝ ይንሸራተታል፤ ያም ሆኖ ዘይት አንጠባጠብኩበት። ቢራቢሮዋን፣ ማለትም በአየር ማስገቢያው ውስጥ የምትከፈተዋንና የምትዘጋዋን ክብ ቆርቆሮ፣ የሚመልሳት ሞላ ጠንካራ ነው፤ በእጄ ከፍቼ ስለቃት ጠቅ ብላ ትዘጋለች። ትሮትል ቦዲው፣ ማለትም ቢራቢሮዋን የያዘው የአየር ማስገቢያ ብረት፣ ውስጥ የተጋገረውን ጥቁር ካርቦን በ9 ዶላር ማጽጃና በጥርስ ብሩሽ አስለቀቅኩ። የራዲያተሩን ትርፍ ውሃ የሚይዘውን ፕላስቲክም አየሁ፤ ውሃው ልክ መስመሩ ላይ ነው።

ከሰዓት በኋላ ስሞክረው ለውጥ የለም። ለማስታወስ ያህል፣ መብራት ላይ ስቆም የጋቢናው ማሞቂያ ቀዝቃዛ አየር ይነፍሳል። ቴርሞስታቱ አርጅቶ ይሆናል፤ ክረምቱ ሳይገባ እለውጠዋለሁ።

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 12

በሳምንቱ ውስጥ አንድ ነገር አስተዋልኩ። ዙሩ ከፍ ዝቅ ማለት ሲጀምር ነዳጅ መስጫውን በጣት ውፍረት ያህል ብረግጠው መዋዠቁ ወዲያውኑ ይቆማል። ከዚህ ተነሥቼ ቢራቢሮዋ ትንሽ ከፈት ብላ ብትቀመጥ ችግሩ ይጠፋል ብዬ ደመደምኩና የቢራቢሮዋን ማረፊያ ብሎን በግማሽ ዙር አስገባሁት። ሚኒሞው፣ ማለትም ነዳጅ መስጫው ሳይረገጥ ሞተሩ የሚዞረው ዝቅተኛ ዙር፣ ከፍ እንዳይልብኝ ደግሞ የሚኒሞ ማስተካከያውን ቪቴ ወደ ውስጥ አጠበቅኩት።

መዋዠቁ በእርግጥ ጠፋ። ነገር ግን ሞተሩ ከሞቀ በኋላ መብራት ላይ ስቆም ዙሩ ቀስ ብሎ 1,900 ይደርስና እዚያው ይቀመጣል። ቁልቁለት ላይ እግሬን ሳነሣም ሞተሩ መኪናውን እንደ በፊቱ አይዝም፤ ጠዋት ሲነሣ ደግሞ ሁለት ጊዜ ጠፋብኝ። በዚያን ቀን ይህን ሁሉ እንደ መሻሻል ቆጥሬ «መዋዠቅ ጠፍቷል፤ የቀረው ከፍታው ነው» ብዬ ጽፌ ነበር። ያ ብሎን ፋብሪካ ውስጥ ተስተካክሎ የሚወጣና የማይነካ መሆኑን የጥገና መመሪያው በግልጽ ይናገራል። ያነበብኩት ግን ከነካሁት በኋላ ነው።

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 19

ዙር በራሱ ሲጨምር አብዛኛው ሰው መጀመሪያ የሚጠረጥረው በማይገባው ቦታ የሚገባ አየር ነው። እኔም ወደዚያው ሄድኩ። የቫኪዩም መለኪያ፣ ማለትም ሞተሩ አየር የሚስብበትን ኃይል የሚለካ ዕቃ፣ በ32 ዶላር ገዝቼ አየሩን ወደ ሲሊንደሮቹ በሚያከፋፍለው ማኒፎልድ ላይ ሰካሁት። ሞተሩ በረጋበት ጊዜ 15 ኢንች ሜርኩሪ አነበብኩ። ከመለኪያው ጋር የመጣው ወረቀት ደህና ሞተር ከ18 እስከ 21 ያሳያል ስለሚል፣ አየር የሚያስገባ ቀዳዳ እንዳለ እርግጠኛ ሆንኩ።

የደረቁትን ትንንሽ የቫኪዩም ጎማዎች በሙሉ አንድ በአንድ እየነቀልኩ በአዲስ ለወጥኳቸው፤ 18 ዶላር። ከቴስታታው (ከሞተሩ ራስ) ክዳን ላይ የሞተሩን ጭስ ወደ ማኒፎልዱ የሚመልሰውን ቫልቭ ከነጎማ ቀለበቱ ለወጥኩ፤ 14 ዶላር። በማኒፎልዱ ዙሪያ ማጽጃ እየነፋሁ የዙር ለውጥ ጠበቅኩ፤ ምንም የለም። ባለማመኔ አንድ ጋራዥ ወስጄ፣ ጭስ ወደ ውስጥ ነፍቶ የሚሾልክበትን ቦታ የሚፈልገውን የጭስ ምርመራ አስደረግኩ፤ በ145 ዶላር የሰጡኝ መልስ የላይኛው ማኒፎልድ ጓርኒሲዮን (በብረቶቹ መካከል ያለው ማሸጊያ) አየር ሳያሳልፍ አይቀርም የሚል ነበር። ጭሱ ከየት እንደ ወጣ እንዲያሳዩኝ ብጠይቅም በግልጽ ያሳየኝ ሰው አልነበረም። ያን ጊዜ መጠራጠር ነበረብኝ።

እሑድ፣ ኦክቶበር 27

ሁለቱ ቀናት በሙሉ የላይኛውን ማኒፎልድ በመፍታት አለቁ። የጓርኒሲዮን ስብስቡ 62 ዶላር ነው። ከኋላ በኩል፣ ከግድግዳው አጠገብ ያለው ብሎን የሚደረስበት ረጅም ማራዘሚያና መታጠፊያ ሲኖር ብቻ ነው፤ እኔ በአጭሩ ለመፍታት ስታገል አንዱን ብሎን ሰበርኩ። የተሰበረውን በግራ በሚዞር መሰርሰሪያና በማውጫ አወጣሁት፤ 21 ዶላርና የአንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ከፈልኩበት። ወደ ውስጥ ምንም ነገር እንዳይወድቅ ቀዳዳዎቹን በንጹሕ ጨርቅ ደፍኜ መሥራቴ ብቻ ነው ዛሬ በትክክል ያደረግኩት።

አሮጌው ጓርኒሲዮን ሙሉ ነበር። ሲላቀቅ ተቀደደ እንጂ የተቃጠለ ወይም አየር ያሳለፈበት ምልክት አልነበረውም። ገጥሜ ሳስነሣው መለኪያው አሁንም 15 ነው፤ ሞተሩም ሲሞቅ አሁንም 1,900 ላይ ይቀመጣል።

ማታ እጄን ስታጠብ የመለኪያው ነገር ገባኝ። አውሮራ ከባሕር ወለል በላይ 1,650 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። በባሕር ወለል ላይ የከባቢ አየር ግፊት 29.9 ኢንች ሜርኩሪ ሲሆን እዚህ ከ25 በታች ነው። ሞተሩ መሳብ የሚችለው ከዚያው ስለሆነ እያንዳንዱ ንባብ አምስት ያህል ይቀንሳል፤ ስለዚህ የእኔ 15 በባሕር ወለል ላይ 20 እንደማለት ነው፤ ይህም ፍጹም ጤናማ ሞተር ነው። ያደግኩትና ሙያውን የተማርኩት ከዚህም ከፍ በምትል አዲስ አበባ ነውና ይህን መርሳት አልነበረብኝም። መለኪያ ገዝቶ የመለኪያውን ወረቀት ለቦታው ሳያስተካክሉ ማመን ምን ያህል እንደሚያስከፍል አየሁ።

ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 2

ዛሬ አንድም ብሎን አልፈታሁም። ወንበር አውጥቼ የጥገና መመሪያውን ይዤ ኮፈኑ ሥር ተቀመጥኩ።

መጀመሪያ የኮምፒዩተሩን ኮድ አነበብኩ። ይህ መኪና ከ1996 በፊት የተሠራ ስለሆነ ዛሬ በየጋራዡ ያለው ስካነር አይሰካበትም። ኮፈኑ ውስጥ ባለው መፈተሻ ሶኬት ላይ ቲኢ1 እና ኢ1 የሚባሉትን ሁለት ቀዳዳዎች በአጭር ሽቦ አገናኝቶ ቁልፉን መክፈት ይበቃል፤ የሞተሩ ምልክት መብራት በብልጭታ ይቆጥራል። አምስት ብልጭታ፣ ትንሽ ዕረፍት፣ አንድ ብልጭታ፦ 51። ይህ ኮድ በፍተሻ ጊዜ ቢራቢሮዋ ተዘግታለች የሚለው ምልክት ወደ ኮምፒዩተሩ አልደረሰም ማለት ነው። በቢራቢሮዋ ዘንግ ላይ ያለው ሴንሰር ቢራቢሮዋ ሙሉ በሙሉ ስትዘጋ የምትገናኝ አንዲት ትንሽ ስዊች አለችው። እኔ ከሦስት ሳምንት በፊት ማረፊያውን ብሎን ሳስገባ ያችን ስዊች አለያይቻታለሁ።

መዋዠቁ ለምን እንደ ነበረና ለምን እንደ ጠፋ የተረዳሁት በዚህ ነው። ኮምፒዩተሩ ቢራቢሮዋ ተዘግታ ዙሩ ግን ከፍ ብሎ ሲያገኘው «ሹፌሩ ቁልቁለት ላይ እግሩን አንሥቷል» ብሎ ነዳጅ ይቆርጣል። ዙሩ ሲወርድ ነዳጅ ይመልሳል። ከሆነ ቦታ ብዙ አየር እየገባ ስለሆነ ዙሩ እንደገና ይወጣል፤ ኮምፒዩተሩም እንደገና ይቆርጣል። ከፍ ዝቅ ማለቱ የዚህ መፈራረቅ ውጤት ነበር። ስዊቿ ስትለያይ ኮምፒዩተሩ መቁረጡን ስለተወ ዙሩ ከፍ ብሎ ተቀመጠ። ያስወገድኩት ጥፋቱን ሳይሆን ጥፋቱን የሚጠቁመኝን ምልክት ነው። ቁልቁለት ላይ ሞተሩ አልይዝ ያለውም በዚሁ ምክንያት ነበር።

ቀጥሎ ሞተሩን አስነሥቼ የዘይት መሙያውን ክዳን ከፈትኩ። ሞተሩ ወዲያው ተንገዳግዶ ሊጠፋ ደረሰ። ይህ ሙከራ ከሦስቱ ሳምንታት ሥራ የበለጠ አስተማረኝ። በዚህ ሞተር ውስጥ የሚገባው አየር በሙሉ በማጣሪያው በኩል ባለ በር መሰል መለኪያ ውስጥ ያልፋል፤ ኮምፒዩተሩም ነዳጅ የሚሰጠው በዚያ በር መከፈት ልክ ነው። በሌላ ቀዳዳ ሾልኮ የሚገባ አየር ያልተለካ ስለሆነ ነዳጅ አይጨመርለትም፤ ድብልቁ ይሳሳል፣ ሞተሩም ይንገዳገዳል ወይም ይጠፋል። የማኒፎልድ ግፊት በሚለካባቸው ሌሎች ሞተሮች ላይ ግን ሾልኮ የገባ አየር ዙር ይጨምራል፤ እኔ በጭንቅላቴ የያዝኩት ምክር ሁሉ ለእነዚያ ሞተሮች የሚሆን ነበር።

እንግዲህ የእኔ ሞተር ንጹሕ ሆኖ፣ ሳይንገዳገድ 1,900 የሚዞር ከሆነ የሚያስሮጠው አየር በመለኪያው ውስጥ ያለፈ፣ ነዳጅ የተመጠነለት አየር ነው። ከመለኪያው ወዲያ ያለው አየር ወደ ሞተሩ የሚደርሰው ደግሞ በጥቂት መንገዶች ብቻ ነው፦ በቢራቢሮዋ፣ በሚኒሞ ማስተካከያው፣ መሪ ሲጠመዘዝ ሚኒሞ ከፍ እንዲል በሚያደርገው የፓወር ስቲሪንግ ቫልቭ፣ እና ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ተጨማሪ አየር በሚያሳልፈው፣ ከትሮትል ቦዲው ሥር በተገጠመው ቫልቭ። ኤርኮንዲሽነር የለውም።

የፓወር ስቲሪንጉን ሁለት ጎማዎች በፒንሳ ጨፈለቅኳቸው፤ ለውጥ የለም። የቀረውን ለመሞከር የአየር ማስገቢያውን ትልቅ ማኒኮቶ (የጎማ ቱቦ) ሞተሩ እየሠራ ነቀልኩት፤ ወዲያው ጠፋ። የነዳጅ ፓምፑ የሚሠራው የአየር መለኪያው በር በአየር ሲገፋ ብቻ መሆኑን ዘንግቼ ነበር። ስለዚህ ሞተሩን በደንብ አሙቄ፣ አጥፍቼ፣ ከቢራቢሮዋ ፊት ለፊት ከታች ያለችውን የአየር ቀዳዳ ወደ ውስጥ ሊሳብ በማይችል ወፍራም የጎማ ውታፍ ደፈንኩና ማኒኮቶውን መልሼ አስነሣሁት። ዙሩ ወርዶ ሊጠፋ ደረሰ። ሚኒሞ ማስተካከያው አስቀድሞ ጠብቋልና በዚያች ቀዳዳ ይህን ሁሉ አየር የሚያሳልፍ ሌላ መንገድ የለም። ያ ቫልቭ ሞተሩ ሞቆ ሳለ ክፍት ነው።

እሑድ፣ ኖቬምበር 10

ሳምንቱን በረዶው ስለ በረታ ሥራም ጥገናም አልነበረም። ቫልቩ ለምን ክፍት እንደሚቀር ግን ሳስብ ከረምኩ። በውስጡ ሲሞቅ የሚያብጥ ሰም አለ፤ የሚሞቀውም በሁለት ቀጫጭን ጎማዎች በሚመጣ የራዲያተር ውሃ ነው። ሰሙ ሲያብጥ የአየሩን መንገድ ይዘጋል። ታዲያ ቫልቩ ተበላሽቷል ወይስ ሌላ ነገር አለ?

ትናንት ማታ አዲስ አበባ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ በነበረው ጋራዥ ሙያውን ያስተማሩኝን ሰው ደወልኩላቸው። እዚህ ቅዳሜ ከምሽቱ 3 ሰዓት ሲሆን እዚያ እሑድ ጠዋት 1 ሰዓት ነው።

«ጋሼ፣ እንደምን አደሩ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። አንተስ ልጄ፣ ቤተሰቡስ?»

ሁሉንም በዝርዝር ነገርኳቸው። ሳያቋርጡኝ ሰሙኝና፣ «ውሃ አለው?» አሉኝ።

«አለው ጋሼ። የፕላስቲኩን ዕቃ በየሳምንቱ አየዋለሁ፤ መስመሩ ላይ ነው።»

«የፕላስቲኩን አልጠየቅኩህም። የራዲያተሩን ክዳን ከፍተህ አይተሃል ወይ?»

«አላየሁም።»

«የጋቢናው ማሞቂያስ ይሞቃል?»

ኦክቶበር 5 ቀን የጻፍኩትን አስታወስኩ። መብራት ላይ ስቆም ቀዝቃዛ እንደሚነፍስ ነገርኳቸው።

«በል እንግዲህ፣ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ክዳኑን ክፈት። ሲሞቅ እንዳትከፍት፤ ያቃጥልሃል።»

ዛሬ ጠዋት ከፈትኩት። ውሃው አይታይም። ጣቴን ባስገባም አልደረስኩበትም። የሚይዘው 8.4 ሊትር ሲሆን ሁለት ሊትር ያህል ጨመርኩበት። የፕላስቲኩ ዕቃ ግን እስከ መስመሩ ሙሉ ነበር።

ምክንያቱን ለማግኘት ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። ወደዚያ ቫልቭ ከሚሄዱት ሁለት ቀጫጭን ጎማዎች አንዱ፣ ከማኒፎልዱ ሥር በማይታይበት ቦታ፣ ከማሰሪያው አጠገብ ተሰንጥቋል። ሞተሩ ሲሞቅ የሚወጣው ጠብታ በጋለው ብረት ላይ ስለሚተን መሬት ላይ ምልክት አይተውም፤ ነጭ የደረቀ ቅሪት ብቻ አለ። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ራዲያተሩ ከፕላስቲኩ ውሃ መሳብ ሲገባው በዚያ ስንጥቅ አየር ይስባል። ስለዚህ የፕላስቲኩ ውሃ አይቀንስም፤ ራዲያተሩ ግን በየቀኑ ይጎድላል። በየሳምንቱ መስመሩን አይቼ መርካቴ ያታለለኝ በዚህ ነው።

አየሩ ከፍ ባለው ቦታ ይጠራቀማል፤ ቫልቩና የጋቢናው ማሞቂያም ውሃቸውን የሚያገኙት በቀጫጭንና ከፍ ባሉ መንገዶች ነው። እየነዳሁ ሳለ የውሃ ፓምፑ በፍጥነት ስለሚገፋ ውሃ ይደርሳቸዋል፤ መብራት ላይ ስቆም ግን ግፊቱ ይቀንሳል፣ ሁለቱም ይቀዘቅዛሉ። ሰሙ ቀዝቅዞ ሲሰበሰብ አየሩ ይከፈታል፣ ዙሩ ይነሣል። ከቆምኩ ከአንድ ደቂቃ በኋላ ይመጣ የነበረው ለዚህ ነው። የዳሽቦርዱ የሙቀት መርፌ መደበኛ ያሳይ ስለነበረ አልጠረጠርኩም። የኮምፒዩተሩን የሙቀት ሴንሰር ለጥንቃቄ ለካሁት፤ ሲቀዘቅዝ፣ በ20 ዲግሪ አካባቢ፣ 2.4 ኪሎ ኦም፣ ሲሞቅ 310 ኦም፤ ጤነኛ ነው።

ውሃ የጎደለበት 22አር-ኢ ሞተር ላይ ሌላም የሚያስፈራ ነገር አለ። የታይሚንግ ሰንሰለቱን የሚመሩት ፕላስቲኮች ሲሰበሩ ሰንሰለቱ የፊቱን ሽፋን እየፋቀ ወደ ውሃው መንገድ ይበሳል፤ ውሃውም ከዘይት ጋር ይቀላቀልና ኩሽኔታዎቹን ይበላል። የዘይቱን መለኪያ ዘንግ አወጣሁ፤ ዘይቱ ንጹሕ ነው፣ ወተት መሳይ ነገር የለውም። የቴስታታውን ክዳን ከፍቼ በባትሪ ብርሃን ወደ ታች አየሁ፤ በሹፌሩ በኩል ያለው መሪ ፕላስቲክ ቢጫ ቢሆንም ሙሉ ነው። ልቤ ያረፈው ይህን ካየሁ በኋላ ነው።

ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 16

ሁለቱንም ጎማዎች ከነማሰሪያቸው ለወጥኩ፤ 11 ዶላር። የራዲያተሩን ክዳንም ለወጥኩ፤ 16 ዶላር። አሮጌውን ውሃ አፍስሼ በአዲስ ኩላንት ሞላሁት፤ 54 ዶላር። አየሩን ለማስወጣት መኪናውን አፍንጫውን ወደ ላይ አድርጌ ጋራዡ መግቢያ ዳገት ላይ አቆምኩት፣ የጋቢናውን ማሞቂያ እስከ መጨረሻው ከፈትኩ፣ ክዳኑን ከፍቼ 88 ዲግሪ የሚል የታተመበት ቴርሞስታቴ እስኪከፈት ድረስ ሞተሩን አሠራሁ። ትልልቅ አረፋዎች ከሩብ ሰዓት በላይ ወጡ። ማሞቂያው እጅ የሚያቃጥል አየር መንፋት ጀመረ።

ሚኒሞው ከ1,900 ወደ 1,300 ወረደ፤ ግን ከዚያ አልወረደም። ስለዚህ ቫልቩን መፈተሽ ግድ ሆነ። ቫልቩን ከትሮትል ቦዲው ሥር የያዙት ቪቴዎች አናታቸው የጃፓን ቅርጽ ስለሆነ ተራ መስቀለኛ ካቻቢቴ ይበላቸዋል። አንዱን ከበላሁ በኋላ የቀሩትን በመዶሻ በሚመታ ካቻቢቴ ፈታሁ፤ ከመጀመሪያው እንዲህ ማድረግ ነበረብኝ።

ቫልቩን ድስት ውስጥ አድርጌ አፈላሁት። እዚህ ከፍታ ላይ ውሃ የሚፈላው 95 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፤ ቫልቩ ከዚያ በፊት መዘጋት ስላለበት ለፈተናው ይበቃል። ሰሙ ገፋ፣ ግንዱ ተንቀሳቀሰ፣ ነገር ግን ሦስት ሚሊ ሜትር ያህል ሳይዘጋ ቆመ። የውሃው መንገድ በነጭ ድንጋይ መሰል ዝቃጭ ተሞልቷል። በ4 ዶላር ኮምጣጤ ሌሊቱን ዘፍዝፌ ብሩሽ አደረግኩበት፤ ሁለተኛው ፈተና ከመጀመሪያው ይሻላል፣ ግን አሁንም አይዘጋም። ሰሙ ራሱ ደክሟል።

አሮጌ መኪኖች ከሚፈቱበት ግቢ ከሌላ 22አር-ኢ ላይ ሙሉ ትሮትል ቦዲ በ40 ዶላር ገዛሁ። ሳልገጥመው ቫልቩን በዚያው ድስት ውስጥ አፈላሁት፤ ሙሉ በሙሉ ተዘጋ፤ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሳገባው ቀስ ብሎ ተከፈተ። ጓርኒሲዮኑን ከ8 ዶላር ወረቀት በመቀስ ቆርጬ ሠራሁ።

ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 23

ከግቢው ያመጣሁትን ቫልቭ በራሴ ትሮትል ቦዲ ላይ ገጠምኩ። ያበላሸሁትን ማረፊያ ብሎን ለመመለስ መነሻ አልነበረኝም፤ ምክንያቱም በፊት የነበረበትን ምልክት አላደረግኩበትም። ስለዚህ ብሎኑን ቢራቢሮዋ ሙሉ በሙሉ እስክትዘጋ ድረስ መልሼ፣ ከዚያ ምላሷን፣ ማለትም ብሎኑ ላይ የምታርፈውን የቢራቢሮዋን ክንድ፣ ከነካ በኋላ ቢራቢሮዋ ትሮትሉ ግድግዳ ላይ እንዳትጣበቅ ያህል ብቻ አስገባሁት። ሴንሰሩን በፊለር ጌጅ፣ ማለትም ጠባብ ክፍተት በሚለኩ ስስ የብረት ቅጠሎች፣ አስተካከልኩ፤ በማረፊያው ብሎንና በምላሷ መካከል ቀጭኑ ቅጠል ሲገባ ስዊቿ እንደ ተገናኘች ትቆያለች፣ ወፍራሙ ሲገባ ትለያያለች። ሁለቱ ቅጠሎች የሚለያዩት ከሦስት አሥረኛ ሚሊ ሜትር በማይበልጥ ስለሆነ የሴንሰሩን ቪቴዎች ሳጠብቅ አራት ጊዜ ተንሸራተተብኝ። ኮድ 51 ጠፍቶ መብራቱ ያለ ዕረፍት በእኩል ፍጥነት መብለጭለጭ ጀመረ፤ ይህም ጥፋት የለም ማለት ነው።

ቲኢ1ንና ኢ1ን አገናኝቼ የእሳቱን ሰዓት፣ ማለትም ሻማው የሚለኮስበትን ቅጽበት፣ በታይሚንግ መብራት አየሁ፤ 5 ዲግሪ፣ መመሪያው እንደሚያዘው። ሽቦውን ነቅዬ ሚኒሞውን በማስተካከያው ቪቴ 750 ላይ አስቀመጥኩ።

አጠቃላይ ወጪው 434 ዶላር ሆነ። ጥፋቱን ያስወገዱት ጎማዎቹ፣ ክዳኑ፣ ኩላንቱ፣ ቫልቩ፣ ኮምጣጤውና ወረቀቱ በድምሩ 133 ዶላር ናቸው። የቀረው 301 የሄደው ሞተሩ አየሩን እንዴት እንደሚለካ ሳልጠይቅ በፊት ነው።

ለጋሼ ደውዬ ነገርኳቸው። «ጎማው ከየት በኩል ነበር የተሰነጠቀው?» ብለው ጠየቁኝና ቦታውን ስነግራቸው፣ ከጋቢናው ማሞቂያ የሚመጡትንም ትልልቅ ጎማዎች በዚያው ዕድሜ ላይ ስለሆኑ እንድለውጣቸው አዘዙኝ። ለሚቀጥለው ሳምንት ይዤዋለሁ።

ቅዳሜ፣ ዲሴምበር 14

ሦስት ሳምንት ሥራ ላይ ነው። የማሞቂያው ጎማዎች ተለውጠዋል። ዛሬ ጠዋት ሲነሣ 1,500 ይዞ ቀስ በቀስ እየወረደ በሰባት ደቂቃ ውስጥ 780 ላይ ተቀመጠ። ሀቫና ጎዳና ላይ በዚያው ረጅም መብራት ቆሜ የዙሩን መርፌ አየሁት፤ አልተንቀሳቀሰም፤ ማሞቂያውም ሙቅ ነፈሰ። ቤት ስደርስ፣ ሞተሩ ከቀዘቀዘ በኋላ የራዲያተሩን ክዳን ከፈትኩ። ውሃው አፉ ድረስ ነው።